የአንድን ሠዓሊ ሥራ ሙዚየም ማድረግ፦ ከስቱዲዮው ቁልፍ እስከ መጀመሪያው ጎብኚ

አንድ ሠዓሊ ሲያርፍ «ሙዚየም ሊሠራለት ይገባል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ገና በሐዘን ቤቱ ውስጥ ይነሣል። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ሊከበር ይገባል፤ ሆኖም ውይይቱ በቀጥታ ወደ መሬት ጥያቄና ወደ ሕንፃ ንድፍ ሲያመራ፣ ሥዕሎቹ ራሳቸው በዚያው ክረምት በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ሲበላሹ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት የአንድ ሠዓሊ ሥራ በእጃቸው ለቀረ ቤተሰቦች፣ ተማሪዎችና ወዳጆች ነው። የተነሣሁበት እምነትም አንድ ነው፤ የአንድ ሠዓሊ ሙዚየም የሚጀመረው በመዝገቡ ነው፣ ሕንፃው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የአምስተርዳሙ የቫን ጎግ ሙዚየም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ቪንሰንት ቫን ጎግ በሐምሌ ወር 1890 (በዚህ ጽሑፍ ከኢትዮጵያ አዋጆች በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሞት ሥራዎቹ ለወንድሙ ለቴዎ ተላለፉ፤ ቴዎም በስድስት ወር ውስጥ ተከተለው። ሥዕሎቹ፣ ንድፎቹና የደብዳቤዎቹ ክምር የቀሩት ገና 28 ዓመት በሆናት በቴዎ ሚስት በዮሐና እጅ ነበር፤ በክንዷም ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበራት። ዮሐና ሙዚየም አልሠራችም። ሥራዎቹን ይዛ ቆየች፣ የሸጠችውን በሒሳብ ደብተር መዘገበች፣ ደብዳቤዎቹን በየቀናቸው አሰናድታ በ1914 አሳተመች፣ በ1905 ደግሞ ከ400 በላይ ሥራዎች የታዩበትን ዐውደ ርዕይ በአምስተርዳም አዘጋጀች። ልጇ ያደገበትን ስብስብ በ1962 ለአንድ ፋውንዴሽን አስተላለፈ፤ የኔዘርላንድ መንግሥትም ሙዚየሙን ለመሥራት ቃል ገባ። በሩ የተከፈተው በ1973 ነው፤ ሠዓሊው ከሞተ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሙዚየሙን ያቆየው የአንዲት ሴት ጥንቃቄ ነበር።

አንደኛ፦ ምንም ነገር ከማንቀሳቀስዎ በፊት

ስቱዲዮውን ይቆልፉና ቁልፉን የሚይዘውን ሰው ቤተሰቡ በጽሑፍ እንዲሰይም ያድርጉ። ከዚያም ክፍሉን ከአራቱም ማዕዘን፣ መደርደሪያዎቹንና መሳቢያዎቹንም አንድ በአንድ ከፍተው ፎቶ ያንሡ። የትኛው ሸራ በየትኛው ላይ ተደግፎ እንደነበር፣ በጠረጴዛው ላይ የትኛው ወረቀት ተከፍቶ እንደተገኘ፣ በማቆሚያው ላይ ያለው ያላለቀ ሥዕል ምን እንደሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ማስረጃዎች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተነካኩም መልሶ ማግኘት አይቻልም።

በዚህ ደረጃ የሚፈቀደው ማንቀሳቀስ ለማዳን የሚደረገው ብቻ ነው። ወለል ላይ ያለውን ከወለሉ ከፍ ማድረግ፣ ከሚያፈስ ጣሪያና ከኩሽና ግድግዳ ማራቅ፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታውን መስኮት መጋረድ ይበቃል። አቧራ አይቶ ማጽዳት ያምርዎታል፤ እባክዎ ይተዉት። በእርጥብ ጨርቅ፣ በዳቦ ልብ ወይም በተቆረጠ ድንች የተወለወለ ሥዕል ከአቧራው ጋር ቀለሙንም ሊያጣ ይችላል። ብሩሽ፣ የደረቀ የቀለም ቱቦ፣ የተረፈ አቡጀዲ፣ የተቀደደ ንድፍ ቆሻሻ መስሎ እንዳይጣል ለቤት ሠራተኛውም ሆነ ለጎረቤቱ አስቀድመው ይንገሩ። በሜክሲኮ የሠዓሊዋ የፍሪዳ ካህሎ ሰማያዊ ቤት በ1958 ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት ባለቤቷ ዲዬጎ ሪቬራ ያዘጋው የመታጠቢያ ክፍል ነበር። በ2004 ሲከፈት ልብሶቿ፣ ፎቶግራፎችና ወረቀቶች ተገኙበት፤ ተመራማሪዎችም ስለ ሕይወቷ ብዙ ነገር ከዚያ አወቁ።

ሁለተኛ፦ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ማረጋገጥ

ኑዛዜ መኖሩን ያጣሩ፤ ከሌለ ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ። በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት ካለ የትዳር ጓደኛው ድርሻ አስቀድሞ ይለያል። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ጉዳይ አለ፤ ሥዕሉ የአንድ ሰው፣ ሥዕሉን የማባዛት መብት ደግሞ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ ሠዓሊው በሕይወት ሳለ የራሱ፣ ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ስለዚህ ሥዕል የገዛ ሰው ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ቢሰቅልም ፖስትካርድ አድርጎ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሙዚየሙም እንዲሁ። ወራሾቹ ሥዕሎቹን ለሙዚየሙ ሲሰጡ የማባዛት መብቱን መስጠት አለመስጠታቸው በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ የምለምነው መዝገቡ ሳያልቅ ውርሱ እንዳይከፋፈል ነው። «አንቺ ይህን ውሰጂ፣ አንተ ያንን» ተብሎ የተበተነ ስብስብ ተመልሶ አንድ ሲሆን ያየሁበት ጊዜ የለም። ፈረንሳዊው ቀራጺ ሮዳን ሥራዎቹን በሙሉ በ1916 ለፈረንሳይ መንግሥት ስላስረከበ ሙዚየሙ ከሞቱ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1919 ተከፈተ። ኖርዌያዊው ሠዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ በእጁ የቀሩትን ሥራዎች ለኦስሎ ከተማ ተናዘዘ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ክሊፎርድ ስቲል ደግሞ ስብስቡ ለእሱ ሥራ ብቻ የሚሆን ሙዚየም ለሚሠራ ከተማ እንዲሰጥ አዘዘ፤ በ1980 ሞቶ ሙዚየሙ በዴንቨር የተከፈተው በ2011 ነው። ሦስቱም ስብስባቸው እንዳይበተን በሕይወት ሳሉ መፍትሔ አበጅተውለታል። ሠዓሊው እንዲህ ያለ ቃል ትቶ ካላለፈ ወራሾቹ «አይከፋፈልም፣ አይሸጥም» የሚል ስምምነት በመካከላቸው ፈርመው፣ ስብስቡን የሚይዝ ሕጋዊ አካል ለማቋቋም ከጠበቃ ጋር ይማከሩ።

ሦስተኛ፦ መዝገቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። የተለማመዱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ እየለካና እያነበበ ሌላው እየጻፈ፣ እኔ በሠራሁበት ቤት በቀን ከ15 ያልበለጡ ሥዕሎችን በደንብ ይመዘግቡ ነበር።

እያንዳንዱ ሥራ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ምዝገባው የተጀመረበት ዓመተ ምሕረትና ተራ ቁጥር ይበቃል፣ ለምሳሌ 2017-001። ሥራው ቢጠፋ ወይም ቢሰጥ እንኳ ቁጥሩ ለሌላ ሥራ አይሰጥም። የንድፍ ደብተር ራሱ አንድ ቁጥር ይይዝና ገጾቹ ከሥሩ ይቆጠራሉ፤ 2017-084-12 ማለት በቁጥር 2017-084 የተመዘገበው ደብተር 12ኛ ገጽ ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ሲሆን፣ በሸራ ሥዕል ላይ ከጀርባ ባለው መወጠሪያ እንጨት፣ በወረቀት ሥራ ላይ ደግሞ በጀርባው የታችኛው ጥግ ይሰፍራል። እስክሪብቶ፣ ማርከርና ፕላስተር ወደ ሥራዎቹ አጠገብ ፈጽሞ አይቅረቡ፤ የፕላስተር ሙጫ ወረቀትን ቢጫ አድርጎ የሚተወው ምልክት አይለቅም። የመዝገቡ ደብተር ግን የተጠረዘ ይሁንና በቀለም ይጻፍ፤ የኮምፒዩተሩ ቅጂ ከእሱ ይገለበጣል።

ሊመዘገብ የሚገባውን ለመወሰን አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልግም። ሙዚየሞችና ፖሊሶች የተሰረቁ ቅርሶችን ለመፈለግ የተስማሙበት ኦብጀክት አይዲ የተባለ አጭር ቅጽ አለ፤ የሥራውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ቁስና ዘዴ፣ ልኩን፣ ጽሑፍና ምልክቱን፣ ልዩ መለያውን፣ ርዕሱን፣ የሚያሳየውን ጉዳይ፣ ቀኑንና ሠሪውን ይጠይቃል፤ ፎቶግራፍም ከእነዚህ ጋር ይያያዛል። በልኩ ላይ ሁልጊዜ ቁመቱ ይቀድማል፣ ወርዱ ይከተላል፤ በሴንቲ ሜትር፣ ያለ ፍሬምና ከነፍሬሙ ይለካል። ይህ ቅደም ተከተል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን «እናት» የሚል ርዕስ ያላቸው አምስት ሥዕሎች ያሉት ሠዓሊ ሲያጋጥምዎ አንዱን ከሌላው የሚለየው ልኩ ነው። ሠዓሊው ራሱ ያልሰጠውን ርዕስ እርስዎ ሲሰጡ በማዕዘን ቅንፍ ይክተቱት፤ ከ20 ዓመት በኋላ የእርስዎ ግምት የሠዓሊው ቃል ተደርጎ እንዳይጠቀስ ነው።

ቀኑ በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንድ ሥዕል ጥግ ላይ «1966» ተጽፎ ቢያገኙ ይህ የየትኛው አቆጣጠር ዓመት ነው? በእኛ ከሆነ ሥዕሉ የተሣለው በአብዮቱ ዓመት ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ከሰባትና ስምንት ዓመት በፊት ነው። ሥዕሉ የሚያሳየው የተቀመጠ ገበሬ ቢሆን እንኳ ትርጉሙ በዚህ አኃዝ ይለወጣል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደተጻፈ ይገልብጡ፤ ከዚያም የእርስዎን አስተያየት ከነምክንያቱ ለብቻው ይጻፉ። ፊርማው በአማርኛ ነው ወይስ በላቲን ፊደል? በዚያ ሰሞን ሠዓሊው ውጭ አገር ይማር ነበር? የተሠራበት ሸራ ከውጭ የመጣ ነው ወይስ አቡጀዲ? እነዚህ ሲደመሩ ብዙውን ጊዜ መልስ ይሰጣሉ።

እያንዳንዱን ሥዕል ገልብጠው ያንብቡት። የቀድሞ ዐውደ ርዕይ መለያ፣ ዋጋ፣ የፍሬም ቤት ማኅተም፣ የጉምሩክ ምልክት፣ ተሰርዞ የተለወጠ ርዕስ፣ አልፎ አልፎም ሌላ ሥዕል ከጀርባው ይገኛል። እኔ ባገዝሁበት ቤት በአቡጀዲ ላይ የተሣለች አንዲት ትንሽ የቡና ሥነ ሥርዓት ሥዕል ነበረች፤ 38 በ29 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ከጀርባዋ የተጣበቀውን ካርቶን አላቅቀን ስናይ በመወጠሪያው እንጨት ላይ በቀጭን እርሳስ «የእማዬ፤ አይሸጥም» የሚል ጽሑፍ አገኘን። ቤተሰቡ ሥዕሏን የመዝገቡን ወጪ ለመሸፈን ሊሸጧት ዋጋ ተስማምተውባት ነበር። ታላቅ ልጃቸው እንጨቱን በጣቱ ዳሰሰና ዝም አለ፤ ሥዕሏም በቤቱ ቀረች።

ፎቶው ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ ካሜራው በማቆሚያ ላይ ሆኖ፣ ሌንሱ ከሥዕሉ መሐል ፊት ለፊት ሲሆን ጎኖቹ አይጣመሙም። ማስመሪያና የቀለም መለኪያ ካርድ ከሥዕሉ ጎን ይቀመጥ። ፊቱ፣ ጀርባው፣ ፊርማውና ጉዳቱ ለየብቻ ይነሣ፤ የፋይሉ ስም የሥራው ቁጥር ይሁን። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱም ከዚያ ቤት ውጭ ይቀመጥ። በመጨረሻም የሥዕሉ ይዞታ ይጻፍ፦ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል፣ ተልጧል፣ ሸራው ላልቷል ወይስ ሻግቷል? ቀለሙ እየተነሣ የሚረግፍ ከሆነ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስተኙትና የጥገና ባለሙያ ይጥሩ።

አራተኛ፦ ወረቀቱና ድምፁ

ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ የዐውደ ርዕይ መጥሪያ፣ የጋዜጣ ቁራጭ ሁሉ ከሥዕል እኩል ይያዝ። ቫን ጎግ ለቴዎ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ከ600 በላይ ተርፈዋል። በ1888 ስለ «መኝታ ቤቱ» ሥዕል ሲጽፍ ግድግዳዎቹ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ መሆናቸውን ይናገራል፤ ዛሬ ሥዕሉን የሚያይ ሰው ግን የሚያየው ሰማያዊ ግድግዳ ነው። ቀዩ ቀለም ከብርሃን ጋር ደብዝዞ ሰማያዊው ብቻ ቀርቷል። የተመራማሪዎቹ ምርመራና ደብዳቤው ተደጋግፈው ይህን አረጋገጡ፤ ደብዳቤው ተጥሎ ቢሆን ሠዓሊው ያሰበውን ሐምራዊ በራሱ ቃል የሚነግረን አናገኝም ነበር።

ሠዓሊውን የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ይቅረጹ። ስልክ ይበቃል። አጠቃላይ ጥያቄ ምስጋናን ብቻ ስለሚያመጣ ፎቶዎቹን ፊታቸው ዘርግተው «ጋሼ፣ እዚህ ላይ የተቀመጡት ሴት ማን ናቸው? ይህን ቀለም ከየት ይገዛው ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የተናገሩት ከሥራው ቁጥር ጋር ይያያዝ።

አምስተኛ፦ ከቤት የወጡትን መከታተል

የሒሳብ ደብተሩ፣ የስጦታ ፎቶዎችና የድሮ መጥሪያዎች የትኛው ሥራ ማን ዘንድ እንደሄደ ይጠቁማሉ። ለባለቤቶቹ ሲጽፉ ሥራውን እንዲመልሱ ሳይሆን እንዲመዘገብና ፎቶ እንዲነሣ እንደሚጠይቁ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይግለጹ፤ አለዚያ በሩ ይዘጋል። የኢትዮጵያ ሠዓልያን ሥራ በውጭ ብዙ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በኮሎኝ ተምሮ፣ በአዲስ አበባ አስተምሮ፣ በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ነው ያረፈው፤ በስሙ የተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2008 ሲከፈት በጀርመን ተጠብቀው የቆዩ ሥራዎቹ ወደ አገር ተመልሰው ነበር። በስደት ያሉ ወገኖች ቤት ውስጥ የተሰቀለውን ጠይቀው ካልመዘገቡ የሠዓሊው ግማሽ ዕድሜ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

የማይነቀሉ ሥራዎችም አሉ። የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን ነው፤ ወደየትም አይሄድም። እንዲህ ያለው በፎቶ፣ በመነሻ ንድፉና ባለበት ቦታ መግለጫ መዝገቡ ውስጥ ይገባል፤ ጎብኚውም ወደዚያ እንዲሄድ ይነገረዋል።

ስድስተኛ፦ ማስቀመጥ

የቆየ ሸራ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የእርጥበት መዋዠቅ ነው። ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው መጠን ውስጥ ረግቶ እንዲቆይ ይጣሩ፤ ከ70 በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይነሣል። አነስተኛ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ በየክፍሉ አስቀምጠው ጠዋትና ማታ ይመዝግቡ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው መዝገብ የትኛው ክፍል ለማከማቻ እንደማይሆን ያለ ክርክር ይነግርዎታል። በቆዳ ላይ የተሣሉ ሥራዎች ከሸራም ይልቅ እርጥበት ስለሚሰማቸው የተሻለው ክፍል ለእነሱ ይሰጥ።

ሸራዎች ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ፊት ለፊት ወይም ጀርባ ለጀርባ፣ በመካከላቸው ንጹሕ ካርቶን ገብቶ ይቁሙ። ከውጭ ግድግዳ ጋር አይጠጉ። መጠቅለል ግድ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቀለል፤ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ቀለም ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። ወረቀት በጋዜጣ አይሸፈን፣ አሲዱ ቢጫ ያደርገዋል። ምስጥና ብል በየወሩ በባትሪ ብርሃን ይፈተሹ።

ሰባተኛ፦ ቤቱ

አሁን ስለ ሕንፃ መነጋገር ይቻላል፤ ምን ያህል ሥራ እንዳለ፣ ትልቁ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ስንቱ ወረቀት እንደሆነ ታውቋልና። ሠዓሊው የኖረበት ቤት ካለ ከአዲስ ሕንፃ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። አፈወርቅ ተክሌ ቪላ አልፋን ራሱ ነድፎ መኖሪያ፣ ስቱዲዮና ማሳያ አድርጎታል፤ ቤቱ ራሱ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። በፓሪስ ሠዓሊው ጉስታቭ ሞሮ የቤተሰቡን ቤት ለሙዚየምነት አስፋፍቶ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ንድፎቹ ጎብኚው ራሱ በሚከፍታቸው የግድግዳ ሳጥኖች እንዲታዩ አደረገ። ይህ ብልሃት ጠባብ ቤት ላላቸው ወገኖች የሚጠቅም ነው፤ ሥዕሉ ብርሃን የሚያገኘው ሰው ሲያየው ብቻ ነውና።

ብርሃንን በተመለከተ የተለመደው ወሰን ለወረቀትና ለጨርቅ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ ነው። የፀሐይ ቀጥተኛ ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ ስለሚደርስ መጋረጃ ከጌጥነት ያለፈ ሥራ አለው። የወረቀት ሥራዎች ለጥቂት ወራት ታይተው ወደ ጨለማ ይመለሱ፣ ሌሎች ይተኩ። የኤሌክትሪክ መስመሩና ጣሪያው በባለሙያ ሳይፈተሽ አንድም ሥዕል አይግባ።

ስለ ጥበቃ ደግሞ በ2004 በኦስሎ የሆነውን ማስታወስ ይገባል፤ የታጠቁ ሰዎች በቀን፣ በጎብኚዎች ፊት ከሙንክ ሙዚየም «ጩኸት» እና «ማዶና» የተባሉትን ሥዕሎች ነጥቀው ወጡ። ሥዕሎቹ የተገኙት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሥዕል በሚስማርና በሲባጎ ሳይሆን በመሣሪያ ብቻ በሚፈታ ማያያዣ ይሰቀል።

ስምንተኛ፦ መስቀልና መጻፍ

ሁሉንም ለማሳየት አይሞክሩ። የአንድ ሰው ሥራ ብቻ በሚታይበት ቤት ጎብኚው የሚከተለው አንድ እጅ እንዴት እንደተለወጠ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ንድፍና ከእነሱ የወጣው አንድ ሥዕል ጎን ለጎን ሲሆኑ ከ20 የተጠናቀቁ ሥዕሎች ይልቅ ያስተምራሉ። ያልተሳካውም ሥራ ይታይ፤ ቤተሰቡ ሊደብቀው የሚፈልገው ይህ ነው፣ ወጣት ሠዓሊ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚማርበት እሱ ነው። የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ይዋል፤ የተማሪ ቡድን የሚበዛበት ክፍል ከሆነ ጥቂት ዝቅ ይበል።

መግለጫው ርዕሱን፣ ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ፣ ቁሱን፣ ልኩንና የመዝገብ ቁጥሩን ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይለፍ። «ድንቅ» እና «ታላቅ» የሚሉትን ቃላት ትተው ዓይን የሚያርፍበትን ይጠቁሙ፦ በነጠላው ጥለት ላይ ያለው ቀይ የተሣለው በጣት መሆኑን፣ የሴትዮዋ ግራ እጅ ሁለት ጊዜ መታረሙን።

ከመክፈቻው አንድ ሳምንት በፊት መዝገቡን ይዘው በየክፍሉ ይዙሩና የተሰቀለውንም በማከማቻ ያለውንም ቁጥር በቁጥር ያረጋግጡ፤ ማን እንደቆጠረና በምን ቀን እንደሆነ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ይፈረም። ይህንኑ ቆጠራ በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሥዕሎቹን ላልቆጠረ ሌላ ሰው ሰጥተው ይድገሙት።